የረጠበ ጠፍር

«ማሬ፣ ምን ሆንሽ? እለፊ እንጂ!» አላት ቀድሞ ካለፉት ልጆች አንዱ።

ማሬ አላለፈችም። ከግራ ጉልበቷ በታች ያለው ሰው ሠራሽ እግሯ ገና አሁን ወደ ጎን ዞር ብሎባት ነበር። የዞረው ትንሽ ነው፤ ለሌላ ሰው አይታይም። እሷ ግን ክው አለች።

ማለዳ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ የተነሱት የተራራ ክበቡ ስድስት ልጆች ጉና ጫፍ ላይ ለመድረስ አንድ የድንጋይ ጠርዝ ብቻ ቀርቷቸዋል። አራቱ አልፈዋል። በስተቀኝ አለት ነው፣ በስተግራ ገደል። ገደሉን ጉም ስለሸፈነው ጥልቀቱ አይታይም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በገመድ ተያይዘዋል። ከማሬ ጋር የታሰረችው ከኋላዋ ያለችው ጓደኛዋ ሚሚ ናት።

«እኔማ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች ሚሚ። «አንቺን እያየሁ ነው የምሄደው። አንቺ በአንድ እግርሽ ወጥተሽ እኔ በሁለቱ ብቀር ሰው ይስቅብኛል።»

በሌላ ቀን ቢሆን ማሬ ትስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግሩን ከጭኗ ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ትናንት ተበጠሰ። ብትናገር ከመኪናው እንደማትወርድ ታውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎቹ ሲወጡ ቦርሳ ጠብቃለች፤ የቦርሳ ዘበኝነቱ አንገሽግሿታል። ስለዚህ አባቷ ለእርሻ ዕቃ ካስቀመጡት ጠፍር ቆርጣ አሰረችው። በሬ ያልበጠሰውን እኔ ልበጥሰው ነው? ብላ። ጠዋት መምህራቸው ቲቸር ሙሉቀን «ማሰሪያሽን አይተሻል?» ሲሏት ዓይኗን በጨው አጥባ «አዎ ቲቸር፣ ደህና ነው» አለች።

ጠፍር በእርግጥ በቀላሉ አይበጠስም። ሲረጥብ ግን ይለጠጣል። የገበሬ ልጅ ሆና ይህን መርሳቷ! ጉሙ ሱሪዋን ሲያርስ ነው ያረፈደው፤ ጠፍሩም ከሥር ሲላላ።

አሁን ጠርዙን ለማለፍ ሙሉ ክብደቷን በዚያ እግር ላይ መጣል አለባት። ከዞረ ትወድቃለች። እሷ ከወደቀች ሚሚም አብራት ናት።

«በርቺ ማሬ! ደርሰናል!» አሉ ቲቸር ሙሉቀን ከላይ። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ጭብጨባው አፏን ለጎመው። አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ይይዝ ይሆናል እኮ። ሚሚ ከኋላዋ ተጠግታ ማሬ እግሯን እስክታነሳ ትጠብቃለች።

ማሬ እግሯን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ። ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ። ማሰሪያው ተበጥሷል። በጠፍር ነው ያሰርኩት፤ ጠፍሩም ረጥቧል።»

ጭብጨባው ቆመ። ቲቸር ሙሉቀን ጠርዙን ይዘው ተመልሰው አጠገቧ ተንበረከኩና ጠፍሩን በጣታቸው ሳቡት። እንደ ሊጥ ተለጠጠ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እንመለሳለን» አሉ በመጨረሻ። «አዝዬሽ እወርዳለሁ።»

ማሬ ወደ ላይ አየች። ጫፉ ከቤታቸው ደጃፍ እስከ አጥሩ ድረስ እንኳ አይርቅም። እንባዋ መጣ።

«አይሆንም ቲቸር፤ ሁለታችንም እንወድቃለን። በቂጤ እወርዳለሁ።»

እግሩን ፈታች፣ በብብቷ ያዘችው፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ሚሚ፣ ከፈለግሽ ገመዱን ፍቺው» አሉ ቲቸር። «ማሬን ከላይ ሆኜ እኔ እይዛታለሁ።»

ሚሚ ገደሉን አየች። ወገቧ ላይ ያለውን ቋጠሮ አየች። ከዚያ ሳትፈታው እሷም ቁጭ አለች።

«ቀስ በይ ታዲያ» አለች በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። «ሱሪዬ አዲስ ነው።»