የቦራ ጠፍር

«ጧ!» አለና ክሩ ተበጠሰ።

«አንተ የተረገምክ!» ውዴ ክሩን መልሳ ለማስገባት እጇን ስትሰድ ጣቷ መርፌውን ነካና «ውይ!» ብላ ዘለለች። መርፌው እንደ ፍም ያቃጥላል። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ የስፌት መኪናው ላይ አፈጠጠች። እሳት የሌለበት ቤት ውስጥ መርፌ ምን አቃጠለው?

ከጠዋት ጀምሮ ይኸው ነው፤ ትሰፋለች፣ ይበጠሳል። ሁለት መርፌ ተሰብሮባታል፤ የቀረው መኪናው ላይ ያለው ብቻ ነው። የሚያናድዳት ደግሞ ማንም ሳያስገድዳት በገዛ አፏ የገባችበት መሆኑ ነው።

ነገ ጊዮርጊስ ነው። የቆሰበር ከተማ ፈረሰኛ ሁሉ ለጉግስ ይወጣል። ታላቅ ወንድሟ ክንዴም ቦራ የሚባለውን ፈረሱን ይዞ ሊወጣ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ከርሞ፣ በፈረሱ ሆድ ሥር ዞሮ ኮርቻውን የሚይዘው ጠፍር ትናንት ተበጠሰ። ቆዳ ሠሪው አየነው ለበዓሉ የመጣለት ሥራ በዝቶበት ቆዳውን ብቻ ሰጥቶ ሸኘው። ይኼኔ ነው ውዴ ዘላ ጥልቅ ያለችው፦ «በአባባ መኪና እኔ እሰፋልሃለሁ!»

አባቷ አቶ ነጋ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለለቅሶ አዘና ወደሚባል ከተማ ሄደዋል። ውዴ በአሥራ አራት ዓመቷ ቀሚሱንም ሸሚዙንም በዚያ መኪና ታንበለብለዋለች። ቆዳ ግን ሰፍታ አታውቅም።

ክሩን እንደገና አስገብታ መርገጫውን ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችው። መኪናው ጮኸ፤ ቆዳው የመቃጠል ሽታ አመጣ። እሷ እቴ፣ ማን ሰምቶ! እልህ ይዟታል። በመጨረሻ ጠፍሩ አለቀና እፎይ አለች። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ያምራል።

ክንዴ ያለ ኮርቻ ከወጣበት ግልቢያ ተመልሶ ቦራን ግቢው ውስጥ እየሳበ ያዞረዋል። ፈረሱ በላብ ርሷል።

«ክንዴ! ውሃውን ስጠውና ና፣ አልቋል!»

«በላቡ ውሃ አጠጥቼ ልግደለው? ተጋልቦ የመጣ ፈረስ እስኪበርድ ይዞራል። አንቺ ልብስ ሰፊ ይህን የት ታውቂው!» ብሎ ሳቀባት።

ውዴ ቃሉን በልቧ ደገመችው። ተጋልቦ የመጣ። እሷስ መርፌውን ከጠዋት ጀምሮ ስታስጋልበው አልነበር? ያን የሚያህል ቆዳ ውስጥ አንዴም ሳታሳርፈው።

ጠፍሩን አንስታ ስፌቱን በጥፍሯ ሳብ አደረገችው። ከላይ ነጭ የሚመስለው ክር ቆዳው ውስጥ ሲታይ ጠቁሯል። ትንሽ ጠንከር ስትል ብጥስ አለ። ሌላም ሳበች፤ እሱም ብጥስ አለ።  ክንዴ በዚህ ላይ ተማምኖ ነገ በሙሉ ግልቢያ ሊወጣ ነው።

ክንዴ ፈረሱን አስሮ ገባ። «እሰይ እህቴ! ይህንንስ ለአየነውም አሳየዋለሁ። በይ አምጪው።»

እጁን ዘረጋ። ውዴ ጠፍሩን ወደ ደረቷ ሳበችው። እሰፋዋለሁ ብላ የፎከረችው እሷ፣ ሦስተኛውን መርፌ ብትሰብር አባባ ፊት የምትቆመውም እሷ። ዝም ብላ ብትሰጠው ማንም አያውቅም።

ከመሳቢያው ምላጭ አወጣችና ስፌቱን መተርተር ጀመረች።

«አብደሻል? ነገ እኮ ነው!»

«ክሩ ተቃጥሏል። አይይዝህም።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ስጋልብ!» ብላ ጮኸችበት። እንባዋ መጣ፤ በንዴት ጠረገችው። «ካልደረሰልህ ቆመህ ታያለህ። በዚህ ግን አትወጣም።»

ክንዴ እየተነጫነጨ በሩን ገፍቶ ወጣ።

ውዴ አባቷ ጨርቅ ላይ የሚያሰምሩበትን ደረቅ ሳሙና አንስታ መርፌው እንዲንሸራተትላት አሸችው። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳችና የመኪናውን መዘውር በእጇ ታዞር ጀመር። መርፌው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ትንሽ ሰፋችና በጣቷ ነካችው፤ ለብ ብሏል። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ክንዴ ከውጭ፣ መኪናው ዝም ሲልበት።

«እስኪበርድ» አለችው።