ሰባቱ ዜሮዎች

የዝናብ መለኪያውን የሚያነበው ሰው የተለወጠው ባለፈው ዓመት መስከረም ሃያ ዘጠኝ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ለአሥራ አንድ ዓመታት የሥርጉት አባት ዕንባቆም ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ከቤቱ ቁልቁል ወዳለው የባቄላ ማሳ እየወረደ፣ በመለኪያው ውስጥ ያደረውን ውኃ ለክቶ መዝገብ ላይ ያሰፍር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምታነበው እሷ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። መለኪያውን ባነሳች ቁጥር ከኋላዋ «ስንት አለ?» የሚል ድምፅ ትሰማለች። ዞራ አታይም።

ዛሬ መዝገቡ ከጎንደር በመጣችው የሰብል ተመራማሪ በፍሬሰላም ጉልበት ላይ ነበር። ጎረቤታቸው አያ ወንዴ የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፈው ያዳምጣሉ።

«መስከረም ሃያ ላይ ማሳችሁ ውስጥ ስቆጥር ክሽክሽ ጭማቂውን እየመጠጠች በየቅጠሉ ሥር ነበረች» አለች ፍሬሰላም። «ግንዱን ሁሉ አልብሳው ነበር። ጥቅምት መጀመሪያ ስመለስ ግን የለችም። ከባድ ዝናብ አጥቧት ይሆን ብዬ ነበር። መዝገቡ ዝናብ አልነበረም ይላል። እንግዲያው ተባይዋን ያሸነፋት የምንሞክረው አዲሱ የባቄላ ዘር ራሱ ነው።»

አያ ወንዴ ጢማቸውን አሻሹ። «እኔ’ኮ በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት የዘነበ ይመስለኝ ነበር።»

«መዝገቡ ይኸው፣ አያ ወንዴ።»

«ዕንባቆም ከጻፈማ እኔ ነኝ ያረጀሁት!» ብለው ሳቁ። «እሱ ደመናው ራሱ ቢለምነው አንዲት ሚሊ አይጨምርለትም። ሸጋ ነው! በሰኔ ያለችኝን ማሳ በሙሉ ይህንኑ እዘራለሁ። አምና የዘራሁትን ክሽክሽ መጥጣ ጨረሰችው። ዘንድሮ ከደገመችኝ ልጆቼን ይዤ መሰደዴ ነው።»

«የአባትሽ ስም በሪፖርቱ ላይ ይገባል» አለች ፍሬሰላም ወደ ሥርጉት ዞራ። «እንዲህ ያለ መዝገብ የትም አላየሁም።»

የሥርጉት እናት ታየች የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ሥርጉት ያየችው ዛሬ ነው።

ሥርጉት ገጹን አየች። ከመስከረም ሃያ ሁለት እስከ ሃያ ስምንት ሰባት ዜሮዎች፣ አንዱ ከሌላው በታች። የአባቷ እጅ እየደከመ ሲሄድ ክቦቹም ጎበጡ፤ የመጨረሻው ጭራሽ አልተዘጋም።

በዚያ ሳምንት አባቷ ከመኝታው አይነሳም ነበር። እናቷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ «ሥርጉቴ፣ ወርደሽ እይልኝ» ይላታል። እሷ ግን ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ እስከ መቶ ትቆጥርና ትመለሳለች። ማሳው ሩቅ ነው፤ ደርሳ ስትመጣ በሕይወት ባታገኘውስ?

«ስንት አለ?»

«ዜሮ ነው፣ አባዬ።»

ሌሊቱን ሁሉ የጣሪያው ቆርቆሮ በዝናብ ሲደበደብ አድሮ ነበር። እሱም አልተኛም። ዓይን ዓይኗን ለአፍታ አይቶ እስክሪብቶውን አነሳና ያለችውን ጻፈ። ሰባቱንም ቀን እንዲሁ። ከቀብሩ በኋላ ወደ ማሳው ስትወርድ መለኪያው እስከ አፉ ሞልቶ አገኘችው። መሬት ላይ ደፋችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ፍሬሰላም መዝገቡን መዝጋት ጀመረች።

«ምነው ሥርጉት፣ ደስ አላለሽም?» አሉ አያ ወንዴ። «አባትሽ እኮ ነው የተመሰገነው!»

«ስንት አለ?» አለ ያ ድምፅ ከኋላዋ።

በዚህ ጊዜ ዞረች። ክፍት በርና ባዶው መደብ ብቻ ነበሩ።

«እትዬ ፍሬሰላም፣ አይዝጉት» አለች። «ዘንቦ ነበር። እኔ ወደ መለኪያው አልወረድኩም፤ ዜሮ ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰባቱንም ይሰርዟቸው፤ ከጎናቸው የእኔን ስም ይጻፉበት።»