የዘንዶው ዱካ ውሃ

መምህር ታደለ ዘንዶውን ስለካደ ዘንዶው በላው ተባለ። ብቸና ገበያ ላይ የተጀመረው ወሬ ሞጣ እስኪደርስ ዘንዶው ክንፍ አብቅሎ፣ እሳት ተፍቶ፣ ሟቹን ከነጫማው ውጦት ነበር። መርማሪዋ ኢንስፔክተር የትናየት ከሞጣ ተጠርታ ብቸና ጤና ጣቢያ ስትደርስ ግን ሟቹ ሙሉ ሰው ነው፤ ጫማውም እግሩ ላይ ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው ተረት ከወሰደችው ሥልጠና ሁሉ በላይ የጠቀማት ሴት ናትና አልተገረመችም።

ጊዜው ጥቅምት 2008 ነው። የጤና መኮንኑ ደምለው የሟቹን የዓይን ቆብ ገልጦ አሳያት።

«ብሌኑን ተመልከቺው፤ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። አረፋ ደፍቋል፤ ላቡም ልብሱን አርሶታል። ይህ የተባይ መድኃኒት ሥራ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ናሙናው አዲስ አበባ ሄዷል። መልሱ ሲመጣ እርግጠኛ እሆናለሁ» አለና የዓይን ቆቡን መልሶ ከደነ። «ከመጣ።»

ታደለ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ከብቸና ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው ገደል አፍ ላይ፣ ባለ ሦስት ጣት ዱካዎች የታተሙበት ሰፊ ድንጋይ አለ። ያገሩ ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ያሳደደው ዘንዶ የረገጠው ነው ይላል፤ በዱካዎቹ ውስጥ የሚጠራቀመውንም የዝናብ ውሃ ወር በገባ በሃያ ሦስት እየወረደ ይጠጣዋል፣ ይጠመቅበታል። ታደለ ደግሞ የዳይኖሰር ዱካ ነው ብሎ አስተማረ። እነዚህ ፍጥረታት ሰው ሳይኖር እጅግ ቀድመው የኖሩ መሆናቸውን፣ በቅርብ ጊዜ በሌላ አገር እንደ ወፍ ላባ የነበራቸው የተገኙ እንዳሉ፣ ዶሮ እንኳ የእነሱ ዘር መሆኗን ነገራቸው። ይህ ከተማ ሲገባ «ዶሮ የዘንዶ ልጅ ናት» ሆነ፤ በዚያ ሳምንት ወጡን ገፍቶ የተነሣ ተማሪ ጥቂት አልነበረም። ቄስ ገብረ ክርስቶስ በዐውደ ምሕረት ላይ ስሙን ጠርተው አወገዙት። ስለዚህ ታደለ በሞተ ጊዜ ዘንዶውን ያልከሰሰ ሁሉ ቄሱን ከሰሰ።

በጤና ጣቢያው ግቢ የሟቹ ታላቅ ወንድም ከፋለ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አባታቸው ሲሞቱ ታደለ ገና ጡት አልጣለም ነበር። አርሶ ያበላው፣ ደብተር ገዝቶ ያስተማረው ከፋለ ነው።

«እህቴ፣ ሥራሽን አልከለክልሽም» አላት። «እኔ ግን ገዳዩን ሳልጥል ይህን ፀጉር ምላጭ አይነካውም። እናቴ ፊት ምያለሁ።»

«ገዳዩን ታውቀዋለህ?»

«አገር ያውቀዋል! ረቡዕ ማታ ቄሱ ከታደለ ጋር ድንጋዩ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው ታይተዋል። ሐሙስ ታደለ ሞተ። ያወገዘህ ሰው አብሮህ የሚቀመጠው ምን ሊያጎርስህ ነው?»

«አንተ ያን ጊዜ የት ነበርህ?»

«ሞጣ። በሬ ልለውጥ ሰኞ ሄጄ፣ የመለሰኝ መርዶ ነው።»

የትናየት ዓይኑን አየችው። የሚዋሽ ሰው ዓይን አልነበረም፤ የሚገድል ሰው ዓይን ግን ነበር። የተላከችው ስለሞተው ብቻ ሳይሆን ስለሚሞተውም እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ ቶሎ ካልደረሰች ቄሱ አርባው ሳይወጣ ይወድቃሉ።

ወደ ድንጋዩ የወሰዷት የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ ፋንታ ናቸው። ሁለት ረድፍ ዱካ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ጎን ለጎን እስከ ገደሉ ጫፍ ይሄዳል።

«ትልቁ አንዴ ሲራመድ ትንሹ ሁለቴ ይራመዳል» አሉ ፋንታ። «ታደለ ይህን በእጁ እየለካ አሳየኝ። ‹ጋሽ ፋንታ፣ አጥንት አሟሟትን ይነግረናል፤ ዱካ ግን አኗኗርን። ይህ አውሬ ታናሹን አስከትሎ ይሄድ ነበር፤ ጥሎት አልሄደም› አለኝ። ይህንኑ ለአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ደውሎ፣ ቅርጹን በጄሶ አውጣና አቆየን ብለውት ነበር።»

የመጨረሻው ዱካ ውሃ ቦርቡሮት ጋን የሚያህል ሆኗል። አሁን በነጭ ጄሶ ተሞልቷል። ጄሶው ሞልቶ ፈስሶ ዳር ዳሩን የደረቀውን ጭቃ አልብሶታል። አጠገቡ ባልዲ፣ ግማሽ የቀረ ጀሪካን፣ በፌስታል ያለ ያልተቆረሰ ዳቦ፣ አንድ ጫፉ ወደ ገደሉ የተንጠለጠለ ቀጭን የውሃ ጎማ ነበር።

«ጀሪካኑ የእሱ ነው?»

«የእሱ ነው። ሬሳውን ስጠብቅ ጠምቶኝ ጠጥቼለታለሁ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አይደል የሚባለው።» ፋንታ ድንገት ደረታቸውን ያዙ። «ወይኔ! እኔም ልሞት ነው እንዴ?»

«ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተቀብረው ነበር፣ ጋሽ ፋንታ።»

የትናየት ተንበርክካ የፈሰሰውን ጄሶ ጠርዙን ይዛ አነሣችው። እንደ ቂጣ ተላቀቀ። ስትገለብጠው ከሥሩ ትናንሽ ባለ አምስት ጣት እጆች ታትመውበታል። ገሚሶቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ገሚሶቹ ግን እየተጎተቱ የሄዱ፣ ጣታቸው ጭቃውን የፋቀ ነው።

«በስመ አብ! የሕፃን እጅ!» አሉ ፋንታ።

እሷ ቁራጩን እንደያዘች ቀና አለች። ከገደሉ ሥር የጥንብ ሽታ ይመጣል። ከየማሳው ደግሞ የጠባቂው ሁካታ፣ «ሃይ! ሃይ!» የሚለው ጩኸትና የወንጭፍ ጩኸት ይሰማል። ለድንጋዩ ቅርብ የሆነው ማሽላ ብቻ ጸጥ ብሏል። ማማው ባዶ ነው፤ ማሽላው ግን ደርሶ ቀልቷል፣ አንድም ራስ አልተሸለቀቀም።

«ይህ ማሳ የማን ነው?»

«የከፋለ ነው። ለቅሶ ላይ አይደል፤ ማን ይጠብቅለት?»

የትናየት በልጅነቷ በየጥቅምቱ ማማ ላይ ወጥታ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ የጮኸች ናት። ያልተጠበቀ ማሽላ በገደል አፍ ላይ አንድ ቀን እንደማያድር ታውቃለች።

ቄስ ገብረ ክርስቶስን ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነው።

«አባ፣ ረቡዕ ማታ ከታደለ ጋር ምን ተነጋገሩ?»

«በእኔና በእሱ መካከል የቀረ ነገር ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ከፋለ ደጅዎ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ይምጣ።» መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ልጄ፣ መርዝ አልሰጠሁትም። ግን የሞተው በእኔ ነው።» ይህን ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ።

በማግስቱ ወደ ሞጣ ተመለሰች። ሐጂ አብዱልሐኪም በሱቃቸው ሲሚንቶ፣ ጄሶ፣ ሚስማርና የተባይ መድኃኒት ይሸጣሉ።

«ጄሶው መርዝ ነው ይላሉ አሉ!» ብለው ጀመሩ ሳትጠይቃቸው። «እኔ በዚያ ጄሶ ቤቴን አስለስኛለሁ። ልጆቼ ግድግዳውን እየላሱ ነው ያደጉት።»

«የተባይ መድኃኒቱስ፣ ሐጂ? ከብቸና ማን ወስዷል?»

«ለነቀዝ የማይወስድ ገበሬ አለ? ማን አልወሰደም ብትዪኝ ይቀለኛል።»

«ከፋለን ሰሞኑን አይተውታል?»

«እዚሁ ነበር እንጂ። እዚህ በርጩማ ላይ ሻይ ሲጠጣ ነው ስልኩ የተደወለ። ሲወድቅ የደገፍሁት እኔ ነኝ። ያ ረቢ! እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት እኮ ስንሳሳቅ ነበር። ‹በጥቅምት ማሽላህን ለማን ጥለህ ነው ሞጣ የምትንፈላሰሰው?› ብለው፣ ‹ዘንድሮ ማሽላዬ ጠባቂ አይሻም› አለኝ።»

የትናየት ሻይዋን ሳትጨርስ አስቀመጠች። ባትጠይቅ ይሻላት ነበር። ወደ ብቸና ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ አሰበች። ዝም ብትል ቄሱ ይሞታሉ። ብትናገር ደግሞ የሚሞተውን ሰው ከአሁኑ ታውቀዋለች። ሕጉ ለእንዲህ ያለው ነገር አንቀጽ አለው፤ መላ ግን የለውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ገዳይ ሲሰወር አገሩ በሙሉ የሚቀመጥበት፣ እውነቱ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ የማይገባበት የቆየ ሸንጎ ነው። ቄሱ መጡ። ሐጂም ከሞጣ መጡ። የሟቹ እናት እትዬ ዘርፈሽ ከል ለብሰው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ከሁሉ በፊት ከፋለ ክላሹን ይስጠኝ» አለች የትናየት።

ሰዉ አጉረመረመ፤ ዓይን ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። «ለቄሱ ፈርታላቸው ነው» አለ አንዱ።

«የገዳዩን ስም ስትጠሪ ትመልሺልኛለሽ?» አለ ከፋለ።

«ስሙን ከሰማህ በኋላ እንነጋገራለን።»

ሰጣት። ጥይቱን አውጥታ ለፋንታ ሰጠች፤ ክላሹን ራሷ ያዘች።

«ታደለ ያን ዕለት እህል አልቀመሰም፤ ዳቦው አልተቆረሰም። ከጀሪካኑ ጋሽ ፋንታ ጠጥተዋል፤ ይኸው እንደምታዩዋቸው ናቸው። የሐጂ ጄሶም ሰው አይገድልም። ታዲያ መርዙ በየት ገባ?» ጎማውን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ውሃ ባለበት ጉድጓድ ጄሶ አይፈስስም፤ መጀመሪያ ውሃው መውጣት አለበት። ሾፌር ናፍጣ ከበርሜል ሲቀዳ ምን ያደርጋል?»

«በአፉ ይስባል» አለ አንድ ወጣት።

«ታደለም ሳበ። የመጀመሪያው ጉንጭ አፉ ገባ። ውሃው ወደ ገደሉ ፈሰሰለት፤ ጄሶውንም አፈሰሰ። ከዚያ ወደቀ።»

ዘርፈሽ «ልጄን!» አሉ በለሆሳስ።

«ውሃው ውስጥ ምን ነበረ?» አለ ከፋለ።

የትናየት የጄሶውን ቁራጭ ገልብጣ ለሽማግሌዎቹ አቀበለች። «ታደለ ዱካ አኗኗርን ይነግራል ይል ነበር። ይህ የሕፃን እጅ አይደለም፤ የዝንጀሮ ነው። ሲመጣ እኩል እየረገጠ መጣ፤ ጠጣ፤ ሲመለስ ግን እየተጎተተ ነው። ትናንት ከገደሉ ሥር ወረድን። መንጋው አልቆ ተኝቷል። ውሃውን የመረዘው ሰው ታደለን አላሰበም። ያሰበው ማሽላውን ነው።»

ገበሬው እርስ በርሱ ተያየ። ማሽላ የሌለው አልነበረም።

«አባ፣ ታደለ ለምን ወደዚያ ወደ መጨረሻው ዱካ ሄደ? አሁን ይናገሩ።»

ቄሱ ተነሡ። «ረቡዕ ታረቅን። ‹ዘንዶ አልነበረም ልትለኝ ነው?› ብዬ ስቆጣው፣ ‹ነበረ እንጂ አባ፤ እናንተ ዘንዶ ያላችሁትን ነው እኛ ሌላ ስም ያወጣንለት› ብሎ አሳቀኝ። የፊት የፊቶቹን ሕዝብ ይጠጣባቸዋልና ተውልኝ፣ ማንም የማይደርስበትን የገደሉን ጫፍ ውሰድ አልሁት። ባወገዝሁበት አፌ ፈቀድሁለት ማለት አሳፈረኝና ዝም አልሁ። እኔ ነኝ የላክሁት።»

«ፊት ፊቱን ነው የምሠራ ብሎኝ ነበር» አለ አንድ ድምፅ።

ማንም አልጠየቀውም። ከፋለ ቆሟል።

«ሰኞ ስንለያይ... ፊት ፊቱን ነው ያለኝ።»

የትናየት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድም ዓለም፣ በጥቅምት ማሽላ ያለው ሰው ማማውን ጥሎ ሞጣ አይሰነብትም። ከየማሳው ወንጭፍ ይጮሃል፤ ያንተ ብቻ ዝም ብሏል፤ አንድ ራስም አልተነካብህም።»

«ለሃያ ሦስት መርዙን አጥቤ ላጠፋው ነበር!» አለ ከፋለ። «በየዓመቱ ዝንጀሮ ጨረሰኝ። ያንን ዱካ ደግሞ ሰው አይጠጣበትም። ታደለማ ከነጭራሹ ከዚያ ውሃ አይጠጣም! አይጠጣም እኮ! ጋሽ ፋንታ፣ ይጠጣል? እማ፣ ይጠጣል?» ክርክሩን ቢረታ ወንድሙ የሚነሣለት ይመስል እየዞረ ሁሉንም ይሟገት ጀመር። 

ከዚያ ወደ የትናየት መጣ።

«ጠመንጃዬን መልሺልኝ።»

ያን ጊዜ ነው ሰዉ ክላሹ ለማን ተብሎ እንደተወሰደ የገባው።

«አልመልስም።»

«ምያለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች።  ነገሩን ፈትታዋለች፤ የተፈታው ነገር ግን ለማንም አልበጀም። ካቴናው ኪሷ ውስጥ ነው፤ እጇን ወደዚያ መስደድ አቃታት።

ዘርፈሽ መሬቱን ተደግፈው ተነሡ። «ምላጭ አምጡልኝ» አሉ።

ሰዉ ደነገጠ፤ የትናየት አንድ እርምጃ ቀረበች። እናት ግን የልጃቸውን ትከሻ ተጭነው አስቀመጡት፤ ራሱን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት።

«ገዳዩን ሳልጥል ብለህ ነበር የማልህ። ይኸው ጉልበቴ ላይ ወድቋል። ከእንግዲህ ይህ ፀጉር ምን ያደርግልሃል? እኔ ደግሞ ሌላ ልጅ አልቀብርም።»

ከፋለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምላጩ ከአንድ ቤት መጣ። ፀጉሩን ለማርጠብ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ራሳቸው በጣሳ ውሃ ይዘው ቀረቡ። ዘርፈሽ ጣሳውን አዩት እንጂ አልተቀበሉም።

«አባ፣ ከየት የተቀዳ ነው?»

«ከቦኖ ነው፣ እትዬ ዘርፈሽ።»

ተቀበሉና አሸተቱት። ከዚያ መጀመሪያ ራሳቸው ጎንጨት አሉለት፤ ጥቂት ቆዩ፤ ምንም እንዳልሆኑ ሲያዩ የልጃቸውን ራስ አረጠቡ።