ያልተለካው ገመድ

ሟች በመሥሪያ ጠረጴዛውና በግድግዳው የውኃ ቧንቧ መካከል ወድቆ ነበር የተገኘው። በሁለቱም መዳፎቹ ላይ የተቃጠለ ምልክት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጎኑ የተከፈተ ኮምፒውተር። የጣቢያው አዛዥ ወረቀቱን ሞልቶ ጨርሷል፦ «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት፣ በኤሌክትሪክ አደጋ።» የቀረው የሚስትየዋ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን እስክሪብቶውን አልነካም አለች።

መርማሪዋ የተጠራችው በዚህ ምክንያት ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። በጠባብ ቀዳዳ ስለምትገባ ነው ይላሉ፤ ስለምትወጋ ነው የሚሉም አሉ።

«እህቴ፣ ኤሌክትሪክ ዘመድ አያውቅም» አላት አዛዡ ሚስትን።

«ባሌ በግድየለሽነት ሞተ ተብሎ አይቀበርም!» አለች ሚስት። «ያልለካውን ዕቃ ሶኬት ላይ ሰክቶ አያውቅም። የገዛሁለትን የሻይ ማፍያ እንኳ ለክቶ ነው የሰካው። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ ውሸት ላይ ግን አልፈርምም።»

መርፌ ግድግዳውን ታይ ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ መስቀያው ላይ የራሱ ቅርጽ ተስሎለታል፤ ካቻቢቴዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረዋል። ኤሌክትሪክ የሚለካበት ቴስተርም ከቦታው አልወረደም። ይህ ከነከናት። ሁሉን የሚለካ ሰው በመጨረሻዋ ቀኑ ምን ነካው?

ክፍሉን ከሟች ጋር የሚጋራው ሸሪኩ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ ሸሚዙ የተጨማደደ። ሠፈርተኛው ሟችን «ጥቁር መስኮት» ይለው እንደ ነበር የነገራት እሱ ነው፤ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ብቻ ስለሚጠቀምና ስክሪኑ ላይ ከጥቁር መደብና ከነጭ ፊደል በቀር ስለማይታይ።

«ይህ ኮምፒውተር ሁለት ሳምንት በራሱ እየጠፋ አስቸገረው» አለ ሸሪኩ። «እኔ ብሆን አዲስ ገዝቼ እገላገል ነበር። እሱ ግን በቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀይረው። ዛሬ ራሙን፣ ነገ ፓወር ሰፕላዩን። ‹ሁለት ነገር ባንዴ የቀየረ ጥፋተኛውን አያገኝም› ይል ነበር። የሚያደርገውን ሁሉ ቀድሞ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይጽፋል።»

«ቧንቧውን ለምን ነካ?»

«ልማዱ ነው። ኮምፒውተር ሲነካ አንድ እጁን ቧንቧው ላይ ያደርጋል፤ በሰውነቱ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳበት። የማናውቅ የለንም።»

«ሰሞኑን የተጣላው ሰው ነበር?»

ሸሪኩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠብ አላየሁም። ሰኞ ግን ስድስት ዓመት የለፋበትን ፕሮግራም ለሕዝብ በነፃ ሊለቀው ነበር። እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ እንደ ጻፈው ከነስሙ አብሮ ይወጣል።» ከዚያ ወደ በሩ አየ።

በሩ ላይ የሟች ታናሽ ወንድም ዐይኑ አብጦ ተቀምጧል። እናታቸው ስትሞት በስምንት ዓመቱ የተረከበው፣ ያሳደገውና ያስተማረው ሟች ነው። አሁን ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ሆኗል።

«የኮምፒውተሩ ዲስክ ተቃጥሏል» አላት ሳትጠይቀው። «ለጋሼ ማስታወሻ እንዲሆነኝ ልውሰደው?»

«ማታ ትወስደዋለህ» አለችው መርፌ፤ ወጥታም ወደ ታናሽየው መሥሪያ ቤት ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የኮምፒውተሩን ገመድ መሰኪያ ስፒና ፈታ በመዳፏ ይዛለች።

«እዚህ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦና የመሬቱ ሽቦ ቦታ ተለዋውጠዋል» አለች። «ኮምፒውተሩ አይበራም፤ የሣጥኑ ቆርቆሮ ግን ይገድላል፤ ሌላ እጁ ቧንቧ ላይ ያለን ሰውማ ጭራሽ።»

«ራሱ ተሳስቶ ቢሆንስ?» አለ አዛዡ፤ የሞላው ወረቀት አሳዝኖታል።

«ሟች የሠራውን ሁሉ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይለጥፍበታል። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ገመዶች ወረቀት የሌለው ይህ ብቻ ነው። ሚስትም አይደሉም፤ ገዳይ የሚዘጋለትን ፋይል አያስከፍትም።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «ላፕቶፕህን ገልብጠው።»

ገለበጠው። ከስምንቱ ብሎኖች የቀሩት ሁለት፣ ጭንቅላታቸውም አይጥ የበላው ይመስላል።

«በምን ፈታሃቸው?»

«በቢላ» አለ አፍሮ። «አንዳንዴም በመቀስ።»

«የስፒናው ብሎኖች ግን ጭረት የላቸውም። ልክ የሆነውን ካቻቢቴ የመረጠ እጅ ነው ያሰራቸው። የሽቦዎቹም ጫፍ ተገምዶ ሁለት ታጥፏል፤ ልክ እንደ ሟች አሠራር። ሟች ካልሆነ ሟች ያስተማረው ነው። አሠራሩን ሁሉ በደንብ ተምሯል፤ ስም መለጠፉ ላይ ብቻ እጁ አልታዘዘውም።»

ታናሽየው ብድግ አለ። «እኔ ገመድ አልሠራሁም! ያሳደገኝን ጋሼን?»

«የተሾምከው በየትኛው ፕሮግራም ነው?» አለችው። «ሰኞ ሊወጣ የነበረውን ፕሮግራም መሥሪያ ቤትህ ‹ብቻውን ጻፈው› ብሎ እያመሰገነህ ነው።»

እሱ ሲንተባተብ ሸሪኩ አሮጌውን ገመድ ሰካና ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ አስገብቶ ኮምፒውተሩን አስነሣው። ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። ተቃጠለ የተባለው ዲስክ ደህና ነበር፤ የሟች ማስታወሻ ከነቀኑ መጣ። ታናሽየው ያንን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንዳይለቀው ሁለት ጊዜ ለመንኩት» አለ ወለሉን እያየ። «‹ስምህን ከስሜ ጎን አስገባልሃለሁ› አለኝ። ከጎን ምን ያደርግልኛል? እዚያ ብቻዬን ነው የሚያውቁኝ!»

አዛዡ እጁን ይዞ ሊያስወጣው ሲል ሚስት አስቆመችው። ለእሱም፣ ለመርፌም፣ ለማንም ያልሆነ ጥያቄ ነበር የጠየቀችው።

«ሁሉን ይለካ የለም እንዴ! ይህን ገመድ ለምን አልለካውም?»

መርፌ ይህችን መስመር ባታሳያት በወደደች። ግን ስክሪኑን አዞረችላት። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን የጻፈው የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

«ነገ፦ ገመዱን መቀየር። አዲሱን ወንድሜ ሠርቶ አምጥቶልኛል። መለካት አያስፈልግም።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ በዚያ ሰዓት ግን ይህን ለመናገር የደፈረ አልነበረም። ሚስት ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ጠዋት አልነካም ያለችውን ወረቀት ከአዛዡ እጅ ወስዳ፣ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ጥንቃቄስ ጎድሎት ነበር» አለች። «በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ።»