የዘሊካ መቀመጫ

በወላሂ የጀመርኩትን በውሸት አልጨርስም። ይህ የሆነው ከሚሴ፣ በራሴው ግቢ ውስጥ ነው። ዘመኑ 1958፣ ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ገደማ።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። አስፈሪ ነገር ጨለማ የሚጠብቅ ይመስላችኋል... እኔም ይመስለኝ ነበር።

ከጣሊያን ጊዜ የቀረች አሮጌ ፊያት አለችኝ። ባለቤቴን ዘሊካን የጨፋ ረግረግ ወባ ሲጥላት ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ይዣት የሄድኩት በእሷ ነው። ትከሻዬን ተደግፋ መንገዱን ሙሉ ተንቀጠቀጠች። ማልቀሴን ስታይ፣

«አብሽር፣ በሽታው አይደለም» አለችኝ። «መኪናህ ናት የምታንቀጠቅጠኝ።»

ደሴ ሳንደርስ መንቀጥቀጡ ቆመ።

እሷን ከቀበርኩ ወዲህ መኪናዋ ቆማ ቀረች። ልጅ የለንም። ቤት ስገባ «መጣህ?» የሚለኝ የለም። ብቸኝነቱ አንገፈገፈኝና መኪናዋን ሸጬ፣ እህቴ ወዳለችበት ባቲ ልሄድ ቆረጥኩ።

ጎረቤቴ አደም ሊገዛት መጣ። ሞተሩን ሳስነሳው መስታወቱ፣ በሩ፣ መቀመጫው ሁሉ ተርገፈገፈ።

«ይሄን መንቀጥቀጥ አስቁመውና እወስዳታለሁ» አለኝ።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። ሞተሩ የሚያርፍባቸው የጎማ ትራሶች አልቀው ብረት ከብረት ይጋጭ ነበር። አዲስ ከየት ይመጣል? ከተጣለ የካሚዮን ጎማ ቆረጥኩ። ሞተሩን በክሪክ ደግፌ አሮጌዎቹን አወጣሁ፣ አዲሶቹን ከተትኩ፣ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ።

ዓርብ ከጁምዓ ስንመለስ አደምን ጠራሁት። ሞተሩን አስነስቼ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩና መሪው ጋ ገባሁ። ውሃው ንቅንቅ አላለም።

«ማሻአላህ!» አለ አደም። ከጎኔ ሊቀመጥ በሩን ከፈተ። እጁን መቀመጫው ላይ አሳረፈና... ደርቆ ቀረ።

«ሸምሱ...»

«አቤት?»

«ይሄ መቀመጫ ይንቀጠቀጣል።»

መሪው እጄ ላይ ጸጥ ብሏል። በሩም ጸጥ። መስታወቱም ጸጥ።

«ሞተሩን አጥፋው» አለኝ በሹክሹክታ።

አጠፋሁት።

«አጥፋው እኮ አልኩህ!»

«አጥፍቼዋለሁ...»

እጁን መንጭቆ አነሳ። «አዑዙ ቢላህ» እያለ፣ ዞሮም ሳያየኝ ከግቢ ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። ፈራሁ። ግን ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ... ደሴ መንገድ ላይ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነው።

«በረደሽ እንዴ?» አልኩ።



ጋቢዬን አውልቄ ባዶው መቀመጫ ላይ ጣል አደረግኩት።

መንቀጥቀጡ ቆመ።

ጋቢው ግን መቀመጫው ላይ አልተኛም... ከትከሻ እስከ ጉልበት የተቀመጠ ሰው ቅርጽ ይዞ ቀረ።

ባቲ አልሄድኩም። መኪናዋንም አልሸጥኳትም።

ዛሬም ቤቱ ጭር ሲልብኝ ወጥቼ በመኪናዋ መስታወት ወደ ውስጥ አያለሁ። ጋቢው እዚያው ነው።

አንዳንድ ቀን... ወደ መሪው፣ ወደ እኔ ቦታ ዘንበል ብሎ አገኘዋለሁ።