ገና አልሞቀም

«ቀስ በይ! ያ ወንበር ይነቃነቃል» አለ አባቷ፣ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ።

«ሁሌ እንዲህ ነው የምትለው፤ ወድቄ አላውቅ!» አለችው ልጁ። ወንበሩ ላይ ቆማ ጥምዝምዙን አምፖል እየፈታች ነበር።

ይህ አምፖል ቤቱን ያላስመረረበት ቀን የለም። ሲያበሩት ድብዝዝ ብሎ ይቆይና እስኪሞቅ ያስጠብቃል። አባቷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ስፌቱ መንሻፈፍ ጀምሯል፤ አንዲት ደንበኛማ ቀሚሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራለት ሄዳለች። የእሱ መልስ አንድ ነው፦ «ምን ላድርግ፣ አምፖሉ ገና አልሞቀም ነበር»። ልጁም አመነችው። ለምን አታምነው? አባቷ አይደል! ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ወዲያው ቦግ እንደሚልና መብራትም እንደሚቆጥብ ከሳይንስ መምህሯ የሰማች ቀን እናቷን ነዝንዛ፣ ነዝንዛ አስገዛቻት።

አዲሱን አጥብቃ ወረደችና ማብሪያውን ቀጭ አደረገችው።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አባቷ አጨበጨበ። «ይኼ ነው ብርሃን! ለካ እስከ ዛሬ በጨለማ ነው የምሰፋው! ክሩ ሳይቀር ፍንትው ብሎ ታየኝ!»

ልጅቷ ቀና ብላ አየች። አምፖሉ አልበራም። ሊበራም አይችልም። ወንበሩ ላይ ከመውጣቷ በፊት ኮሪደሩ ላይ ያለውን የመብራት ብሬከር ራሷ አጥፍታዋለች፤ መልሳ ማብራቱን ረስታለች። ጊዜው አመሻሽ ነው፣ ክፍሉ እንደነበረው ድንግዝግዝ ብሏል።

መጀመሪያ የሚቀልድባት መስሏት ልትስቅ ነበር። ከዚያ ፊቱን አየችው። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ፈገግ ብሏል፤ የሚያየው ግን አምፖሉን አይደለም፣ ከእሱ ራቅ ያለ ባዶ ቦታ ነው።

«አባዬ... መብራቱ እኮ አልበራም።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጁ ዳበሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?» አለችው።

«ዓመት አለፈው። የግራው ዓይኔ ጨርሶ ጠፍቷል። የቀኙም ዙሪያውን እየጠቆረ ነው። ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆንክ የቀረውም ይሄዳል ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን አልሄድክም?»

«ፈራኋ! ነካክተውት ጭራሽ ቢጠፋስ? ከዚህ መኪና ተነስቼ ምን ልሆን ነው? እናትሽ ከሰማች ነገውኑ ጎትታ ነው የምትወስደኝ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ የኔ እናት። በሞቴ፣ እንዳትነግሪያት!»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ብሬከሩን አበራችና እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

ስትመለስ ክፍሉ ጥግ ጥጉ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ጠበቃት። የማይታይ ነገር አልነበረም። ሰማያዊው ሱሪ ላይ ስፌቱ መስመሩን ስቶ ሄዷል። የአባቷ ጣቶች በመርፌ ተበሳስተዋል። ይህን ሁሉ ጊዜ አብራው እየበላች፣ እያሳቀችው፣ እንዴት አላየችም? በራሷ ተናደደች። በአባቷም ተናደደች፤ ደግሞ አሳዘናት።

በሩ ተከፈተና እናቷ ገባች። ከዳቦ ቤት መምጣቷ ነው፤ እጅጌዋ ዱቄት ነክቶታል።

«ውይ! ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ እኮ!» አለች እየሳቀች። ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ፣ አሁን ታየህ?»

«እንደ ቀን!» አለ አባቷ ፈጠን ብሎ።

እናቷ ሳቋን ሳትጨርስ ልጇን አየቻት። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? አለቀስሽ እንዴ?»

ልጅቷ ሄዳ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው። ሊነጥቃት ሞከረ፤ አልለቀቀችውም።

«እማዬ» አለች፣ «ቦርሳሽን አስቀምጪና ቁጭ በይ።»