ለሁለት የማይከፈል ባና

የመምህር ተገኘ ሬሳ ከሞላሌ ማዶ ካለው ገደል በገመድ ሲወጣ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ለብርድ የሚከናነቡት ባለ ጥቁር መስመሩ የሱፍ ባናቸው አፋፉ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አገሩ ወዲያው ፈረደ፦ ያ ቁጥር አሳብዷቸው ራሳቸውን ጣሉ። ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም።

እህታቸው ወይዘሮ በለጠች አላመኑም። ነፋስ በተነሣ ቁጥር የወንድማቸው ድምፅ «አንድ፣ አንድ፣ አንድ» እያለ ይመጣባቸዋል። ነፍሱ ሜዳ ላይ ቀረች ብለው ፈሩ፤ ፖሊስ ያስጠሩትም እሳቸው ናቸው።

ኢንስፔክተር ፅዮን ከመሐል ሜዳ ከተማ መጣች።

«የምን ቁጥር ነው፣ እማማ?»

«አንድ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተደርድሮ የሚጻፍ ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም፣ ብቸኛ ቁጥር ነው ይለኝ ነበር። ባናው ላይ በአሥራ ዘጠኝ መስመር አሠርቶት የለ!»

ፅዮን ባናውን ዘርግታ መስመሮቹን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ የመምህሩን ምድጃ አመድ በጣቷ ቆፈር አድርጋ አሸተተችና ወደ ሸማኔው ወደ ገብረ አማኑኤል ሄደች።

«ባና ሁለት እኩል ክንፍ ተሸምኖ መኻሉ ላይ ይሰፋል» አሉ ሸማኔው። «መምህር ግን አንዱን ክንፍ በአንድ መስመር አስበልጥ ብሎ ቁም ስቅሌን አሳየኝ።»

«እሱን የሚመስል ለሌላ ሰው ሠርተዋል?»

«ለእህቱ ልጅ ለአስቻለው። እንደ አጎቴ አለኝ፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ እኩል አደረግሁት። መስመር የሚቆጥር ማን አለ?»

አስቻለው የበለጠች አንድ ልጅ ነው። አጎቱ ባናቸውን ተከናንበው ወደ ገደሉ ሲሄዱ አየሁ ያለውም እሱ ነበር።

«ያንተ ባናስ?» አለችው ፅዮን።

«ተሰረቀብኝ።»

በማግስቱ ሁሉንም ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ መምሬ ኃይለ ኢየሱስ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አፋፉ ላይ ያለው ባና አሥራ ስምንት መስመር ነው» አለች። «አሥራ ስምንት አንዶች የሚሠሩት ቁጥር ለሦስት ይካፈላል፤ ብቸኛ አይደለም። መምህር አይለብሱትም። የእሳቸው ባና ምድጃው ውስጥ ነዷል፤ አመዱ የተቃጠለ ሱፍ ይሸታል። እቤታቸው ተመትተው እሳቱ ላይ ወደቁ። ገዳዩ ራሳቸውን የጣሉ እንዲመስል ሬሳቸውን ገደል ከተተ፤ የተቃጠለ ባና አፋፉ ላይ አይተውምና የራሱን ተካ። ሁለቱ ክንፎች እኩል መሆናቸውን ልብ አላለም፤ ባና ሁሉ እንደዚያ ነዋ።»

አስቻለው ወደ እናቱ ዞረ። «መሬቱን አካፍለኝ አልሁት፤ እምቢ አለኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለውስ አልነበረም!»

ወይዘሮ በለጠች አላለቀሱም። ልጃቸው ታስሮ ቁልቁል ሲወርድ ጉሙ እስኪውጠው ድረስ አዩት። እውነቱን የፈለጉት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ወንድማቸው በክብር ሊቀበር ነው።

መምሬ በሩን ከፈቱ። «ፍትሐቱ ይጀመር። የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

«ወልደ ሥላሴ» አሉ በለጠች።

መምሬ ደንግጠው ቀና አሉ። በዚህ ስም ያጠመቁት ራሳቸው ነበሩ፤ ሟቹን ሳይሆን አስቻለውን።